ተመልካቹ ጎረቤት ይሁን፤ ስለ ቀይ ሽብር ወጣቶች ቴአትር ለመሥራት ለሚያስቡ

ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ወርውረው ሰበሩ። ቀይ ሽብር በአደባባይ የተፎከረበት ቀን ነበር። 2019 ላይ ይህ ነገር 50 ዓመት ይሞላዋል። ያኔ 18 ዓመቱ የነበረ ልጅ፣ ከተረፈ፣ ዛሬ ወደ 70 እየተጠጋ ነው። ያዩት ሰዎች እያለቁ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ስለዚያ ጊዜ የሚያውቁት "ደርግ ወጣት ጨረሰ" ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙም አያልፍም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ በቴአትር ልሥራው የሚል ካለ፣ ጊዜው አሁን ነው። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ የቴአትር ልጆች፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። የማወራውም ስለ አንድ ዓይነት ቴአትር ነው። ተመልካቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ መድረክ አያይም። ታሪኩ ውስጥ ይገባል። ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል፣ ዕቃ ይነካል፣ ይጠየቃል፣ ካሻው ይመልሳል። አሳታፊ ቴአትር እንበለው።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የገባ ሰው አይረሳውም። ሙዚየም የሚያሳየው ግን ያለቀውን ነገር ነው። ፎቶውን፣ ልብሱን፣ አጽሙን። ያ አጽም ሰው ሳለ የወሰነበትን ሰዓት ማሳየት አይችልም። አጠገቡ የነበረው ሰው ምን እንዳደረገም አይነግረንም። አሳታፊ ቴአትር እዚህ ላይ ይበልጣል።

አንድ ትልቅ ውሳኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን መወሰን አለበት። ተመልካቹ ማን ይሁን? እኔ በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ጀግናው ወጣት መሆን የለበትም። ጎረቤት መሆን አለበት።

ለምን? ተመልካች ሲገባ "አንተ ታጋይ ነህ" ብንለው ደስ ይለዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጀግና ይሆንና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምንም አልተጠየቀም። ከ1969 እስከ 1970 በነበረው ጊዜ ግን ብዙው ሰው ታጋይም ገዳይም አልነበረም። ማታ የጎረቤቱ በር ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው ነበር። መብራቱን አጥፍቶ የሚያደምጥ ሰው ነበር። አምባገነን መንግሥት የሚቆመውም ሆነ የሚፈርሰው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ቀበሌን እንውሰድ። ቀበሌ ሲጀመር ማንንም ሊያስር አልመጣም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረስ፣ የነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ። ኪራይ ይሰበስባል፣ ትንንሽ ክርክር ይዳኛል፣ ሰፈሩን ያስተዳድራል። ብዙ ድሃ ደስ ብሎት ነው የተቀበለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይኸው ቀበሌ ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ነበሩት። ቤት ይፈትሻል፣ ያስራል፣ ይገርፋል፣ ይገድላል። ደርግ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማን የት እንደሚያድር አያውቅም። ጎረቤት ግን ያውቃል። የማን ልጅ አምሽቶ እንደሚገባ፣ የማን ቤት እንግዳ እንደበዛ፣ ማን ጓዳ ውስጥ ወረቀት እንደሚያጥፍ ጎረቤት ያውቃል። ያን ዕውቀት የሰበሰበው ደግሞ የቀበሌው ስብሰባ ነው።

ልጆቹስ እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ከወረዱት ወደ 60 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን መካከል ናቸው። "መሬት ላራሹ" እያሉ ያደጉ ናቸው። መሬቱ ሲታወጅ ጨፍረዋል። ሥልጣኑ ወታደሩ እጅ እንደቀረ ሲያዩ ደግሞ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አሉ። ደርግን በኅቡዕ በሚታገለው ፓርቲ በኢሕአፓ ውስጥ የገቡት በሕዋስ ተደራጁ፣ የትግል ስም ያዙ፣ ሌሊት ወረቀት በተኑ። ቀበሌው "አናርኪስት" አላቸው። ያ ቃል አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ምስክርም ፍርድ ቤትም አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ሐቀኛ ቴአትር ከተሠራ አንድ የሚያምም ነገር መደበቅ የለበትም። ወረቀት ብቻ አልነበረም። ኢሕአፓም በከተማ ውስጥ የደርግ ሰዎችን፣ የቀበሌ ሹሞችን፣ ያኔ ከደርግ ጎን የቆመውን የመኢሶን ፓርቲ አባላት ገድሏል። የደርግ ግድያ በብዛቱም በጭካኔውም ከዚህ ጋር አይመዛዘንም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፣ ቤተሰብ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠይቋል። ቢሆንም ሽጉጥ ተሰጥቶት "ያንን ሰውዬ" የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ነበረ። እሱን ከቴአትሩ ካወጣነው ውሸት እንሠራለን። ሌላም አለ። አብዮት ጠባቂዎቹ ራሳቸው በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። አሳዳጁም ተሳዳጁም እኩያ ነው። አንድ ሜዳ ላይ ኳስ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ለቴአትር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ አላውቅም።

ሰሜን ሸዋ ላይ "ወጣት ለአገሩ" ሲባል ወዲያው የሚመጣው አርበኝነት ነው። ይገባል። ደብረ ብርሃን በኃይለማርያም ማሞ ስም የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ጣሊያንን በጠዋቱ የገጠሙ የሸዋ አርበኛ ናቸው፣ በ1930 ወድቀዋል። የራስ አበበ አረጋይ ስምም በመንዝና በአንኮበር ገና ትኩስ ነው። አሳታፊ ቴአትር በዚህ ላይ ቢሠራ ያምራል፤ ቀረርቶውም ፉከራውም አለ። ግን ለተመልካቹ ቀላል ነው። ጣሊያን ከባሕር ማዶ የመጣ ጠላት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገና ሳይገባ ያውቃል። የቀይ ሽብሩ ጠላት ግን አማርኛ ይናገራል፣ ቅዳሜ ገበያ ያገኝሃል፣ ክርስትና ያነሣ ይሆናል። ተመልካቹ በእውነት ይቸገራል። መቸገር አለበት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። እኔ የማስበው ሦስት ክፍል ነው።

የመጀመሪያው ጓዳ ነው። ከ30 የማይበልጥ ሰው ይገባል። ፋኖስ በርቷል። ጥግ ላይ በእጅ የሚዞር የወረቀት ማባዣ አለ። የዛሬ ልጅ ይህን ዕቃ አይቶት አያውቅም፤ ስለዚህ በደንብ እናሳየው። የታይፑ ሪባን ይነሣል። ፊደሉ ራቁቱን ሰም የተቀባውን ስቴንስል ይመታል። የተመታው ቦታ ይሳሳል። ስቴንስሉ ከበሮው ላይ ይጠመጠማል፣ ቀለም ይገባል፣ እጀታው ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር አንድ ወረቀት ነው። ድምፅ አለው፤ ማታ ማታ ደግሞ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ አንዷ ልጅ ደጅ ላይ ቡና ትወቅጣለች። ሙቀጫው ሲቆም እጀታውም ይቆማል። አንድም ቃል ሳይነገር ተመልካቹ አደጋው ይገባዋል።

ከዚያ ልጅቷ ትመጣና "እስቲ አንዴ አግዙን፣ ሊነጋ ነው" ትላለች። ተመልካቹ ወረቀቱን አራት ላይ ያጥፋል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጣቱ ላይ ይቀራል። ስለ ጣቱ ማንም ምንም አይለውም።

ሁለተኛው የቀበሌ አዳራሽ ነው። እውነተኛ የቀበሌ አዳራሽ ቢገኝ እንዴት ጥሩ ነበር። በየከተማችን አሉ። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት አንድ ጠረጴዛ። ግድግዳው ራሱ ይናገራል፣ ጌጥ አያስፈልገውም። አጀንዳው ማጋለጥ ነው። ያኔ ሰው እየተነሣ ራሱንም ሌላውንም እንዲያጋልጥ ይገደድ ነበር። ሊቀመንበሩን የሚጫወተው ሰው እንዳይጮህ አደራ። ዝግ ብሎ ይናገር። ትሑት ይሁን። "ጓዶች፣ እንደምን አመሻችሁ፣ ብዙ አላስቸግራችሁም" ይበል። ከዚያ አንዱን ወረቀት ያንሣና "እጃችሁን ከፊታችሁ ዘርጉልኝ" ይበል።

ተመልካቹ ጣቱን ያያል። የጎረቤቱንም ያያል።

"ይህ ወረቀት ከማን ቤት ወጣ?"

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት መንገድ ሊኖረው ይገባል። አንድ ሰው ቢናገርስ? ይናገራል፤ ሰው ነው፣ ይፈራል ወይም ይሰለቻል ወይም ምን እንደሚሆን ለማየት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ልጅቷ ከመሀል ትወሰዳለች። ሁሉም ዝም ቢልስ? ሊቀመንበሩ ቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ያወጣና ምንም ያላደረገ ልጅ ስም ይጠራል። ዝም ያለው ሰው "እኔ አልነካሁም" ብሎ ማምለጥ የለበትም። በእውነተኛው ታሪክም ማንም እንዲህ አላመለጠም። ተዋንያኑ ሁለቱንም መንገድ እኩል መለማመድ አለባቸው። የሚናገረውን ተመልካች ደግሞ ማሳፈር ክልክል ነው። እሱም ቴአትሩ ያሳየን ሰው ነው።

ሦስተኛው የተከለከለ ለቅሶ ነው። ከአዳራሹ የተወሰደችው ልጅ ወይም ስሙ የተጠራው ልጅ ተገድሏል። ብዙ ቤተሰብ ያኔ ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መጣል ተከልክሎ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለቅሶ ሳይደረስ የቀረ ሰው ዕድሜ ልኩን ቂም ይያዝበታል። ተመልካቹ ቤቱ ሲገባ አንድ ዕቃ በእጁ ይኑር። ወንፊት፣ ወይም እርሾ በጣሳ። ዕቃ ሊመልስ የመጣ መስሎ ነው የገባው። እናትየዋ ቡና ታፈላለች። ስለ ዝናቡ ይወራል። ስለ ሟች አይወራም። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ማስረዘም የተመልካቹን ስሜት ማድከም ነው።

እንዲህ ዓይነት ቴአትር የውጭ ፋሽን ነው የሚል ካለ አልስማማም። አዝማሪ ቤት ተመልካቹ "ተቀበል!" ብሎ ግጥሙን ራሱ ያቀብላል። በልሃ ልበልሃ በሚባልበት በድሮው ሙግት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፣ ይፈርዳል። ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላል። መድረክና ተመልካች በመጋረጃ የተለያዩት በኋላ ነው። እንኳን ይህ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ራሱ ከዚህ ከኛው ሰው ነው የመጣው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የመኳንንቱን ብልሹነት በእንስሳት አስመስለው ጻፉ። ታገደ። ቴአትርና ሥልጣን እዚህ አገር የተጣሉት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ከሌላው ዓለም የምንማረውም አለ፣ የማንወስደውም አለ። ፓንችድራንክ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ተመልካቹን ጭምብል አልብሶ በትልቅ ሕንፃ ውስጥ እንዲዘዋወር ያደርጋል። ያምራል። ጭምብል ግን ተመልካቹን ከኃላፊነት ያወጣዋል፤ ለኛ ጉዳይ ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገን፣ ፊቱ ይታይ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በወታደራዊው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ታስሮ ከተገረፈ በኋላ ተሰደደ። በእሱ ፎረም ቴአትር ተመልካች "ቁም!" ብሎ ተነሥቶ የተጨቋኙን ቦታ ይተካና ሌላ መፍትሔ ይሞክራል። ይህ ከሦስቱ ክፍሎች በኋላ ባለው ውይይት ላይ ሊጠቅም ይችላል። ቦአል ተመልካቹ ቴአትር መሆኑን ሳያውቅ በምግብ ቤትና በመንገድ የሚሠራ ዓይነትም ነበረው። ይህን እኛ ጋ እንዳትሞክሩት። ደብረ ብርሃን ገበያ መሀል የውሸት እስር ቢሠራ ሰው ይሞታል።

ከሁሉም የሚቀርበን ካሚሪቱ ነው። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሊሙሩ አካባቢ ያለ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ማለት እኛ ጋ ቀይ ሽብር በሚነድበት ዓመት፣ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከገበሬዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ቴአትር ሠራ። ልምምዱ ክፍት ነበር። የመንደሩ ሰው እየመጣ "ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም"፣ "ያኔ እንዲህ አልነበረም" እያለ ጽሑፉን አረመ። ጥቂት ሳምንት ታይቶ ፈቃዱ ተነጠቀ። ንጉጊ በዓመቱ መጨረሻ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቴአትር ቤቱ ራሱ ፈረሰ። እኔ የምወስደው ክፍት ልምምዱን ነው። ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ የተማሩ፣ የታሰሩ፣ ልጅ የቀበሩ ሰዎች አሉ። ጽሑፉ ሳያልቅ ይጋበዙ። ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ይሻላል፣ ብዙዎቹ እግራቸው ደክሟል። ታሪካቸው እንዳለ አይወሰድ፣ ስማቸው አይጠራ፣ "ይህን አታሳዩ" ካሉ አይታይ።

አሁን ደግሞ በጣም የማስብበት ነገር። አጣዬ በ2013 ተቃጥላለች። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ ነበር። ከ2015 ወዲህ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ አለ። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች በመጠለያ የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከ30ው ተመልካች ስንቱ በቅርቡ ተኩስ ሰምቷል? ስንቱ ቤቱ ተፈትሿል? ስለዚህ የተኩስ ድምፅ አይኑር። በድምፅ ማጉያም፣ በርችትም፣ በምንም። ድንገተኛ ጨለማ አይኑር። በር አይቆለፍ። ማንም አይገፋ፣ አይያዝ። አንዳንድ አዘጋጅ "እንዲሰማቸው" ብሎ ተመልካቹን ማስደንገጥ ይወዳል። እዚህ አገር ሰው ፍርሃትን ቴአትር እንዲያስተምረው አያስፈልግም። ቲኬት ሲሸጥ ምን እንደሚያይ በግልጽ ይነገረው። እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ ተዋናዩ አይቀርበው፣ አይጠይቀው። መውጣት ከፈለገ ሻይ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ደጅ ይኑር።

ሰዓቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ማታ አይሆንም። ሲመሽ ባጃጅ አይገኝም፣ ብርዱም የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢጀመር 10 ሰዓት ላይ ያልቃል። መስኮቱ በባና ቢሸፈን ጓዳው ይጨልማል። መብራት ቢጠፋም ችግር የለም፣ ፋኖስ ነው። 30 ሰው ብቻ ማስገባት ገቢ እንደማያመጣ አውቃለሁ። በቀን ሁለቴ መሥራት፣ ከትምህርት ቤቶች ጋር መነጋገር ይቻላል። ከ16 ዓመት በታች ግን ባይገባ እመርጣለሁ።

ፈቃድ ሲጠየቅ "ስለ ዛሬ ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከመንግሥትም ይመጣል፣ ከሌላ ወገንም። መልሱ እውነት መሆን አለበት። ቴአትሩ የ1969 ነው። ልብሱም፣ ቃሉም፣ ወረቀቱም የ1969 ነው። ተመልካቹ የራሱን ዘመን ቢያስብበት መብቱ ነው። ለተዋንያኑ ደኅንነትም ቢሆን፣ ዛሬን የሚጠቅስ ምልክትና መፈክር ባይገባ ይሻላል። ይህን የምለው እንደ ፍርሃት አይቆጠርብኝ። ተዋንያኑ ከቴአትሩ በኋላም እዚያው ከተማ የሚኖሩ ልጆች ናቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ ትንሽ ከተማ መሆናችን ነው። አዲስ አበባ ላይ ተመልካቾቹ አይተዋወቁም። ደብረ ብርሃን ላይ የሟች እኅትና የቀድሞ አብዮት ጠባቂ አንድ እድር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ቲኬት ሊገዙ ይችላሉ። ሁለቱም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸውን ሊዘረጉ ይችላሉ። ከዚያ በውይይቱ ላይ አንደኛው "እኔ ያኔ ጠመንጃ ይዤ ነበር" ብሎ ቢነሣስ? አዘጋጁ ይህ ከመሆኑ በፊት የሚያደርገውን ማወቅ አለበት። እኔ ብሆን ውይይቱን ተዋናይ እንዲመራው አልፈቅድም። ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሁለት ሽማግሌዎች ይምሩት፣ አንዷ ሴት ትሁን። የሰው ስም መጥራት እንደማይቻል መጀመሪያ ይነገር። የሚናገረው ሰው ይናገር፣ እኅትየዋም መልስ የመስጠትም ያለመስጠትም መብት ይኑራት። ካሜራና ስልክ አይግባ። ይህን ማዘጋጀት ካልተቻለ ውይይቱ ይቅር፣ ቴአትሩ ብቻ ይታይ።